ፎቶው የአንድ ቀን፣ አማናው የ12 ዓመት፦ የመጀመሪያው ሙስሊም የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በየገጹ ደጋግሞ የሚዞር አንድ ፎቶ አለ። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቀኝ እጁን አንስቷል፣ ግራ እጁን ባለቤቱ በያዘችለት አሮጌ ቁርኣን ላይ አሳርፏል። ከጎኑ በወቅቱ አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ ቆመዋል። ቀኑ ጃንዋሪ 4 ቀን 2007 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሰውየው ኪት ኤሊሰን ይባላል። በአሜሪካ ታሪክ ለኮንግረስ የተመረጠ የመጀመሪያው ሙስሊም ነው።

ፎቶውን አይተን «አላሁ አክበር!» ብለን አጋርተን አልፈናል። ከፎቶው በኋላ ሰውየው ምን ሠራ ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ይህን እንይ።

ኤሊሰን በ1963 በዲትሮይት ከተማ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ኢስላምን የተቀበለው በ19 ዓመቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ከዚያ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ሕግ ተማረ፣ ጠበቃ ሆነ፣ በግዛቱ ምክር ቤትም አገለገለ። በኖቬምበር 2006 የሚኒያፖሊስን ከተማ የሚያቅፈው አምስተኛው የምርጫ ክልል ወደ ዋሽንግተን ላከው። አስተውሉ፤ የመረጡት ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም አልነበረም። በዚያ ከተማ ብዙ ሶማሌዎች፣ ከአገራችን የሄዱ ኦሮሞዎችና ሌሎች ወገኖቻችንም ይኖራሉ። ይሁንና በሙስሊም ድምፅ ብቻ ማሸነፍ አይቻልም ነበር።

ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጭቅጭቁ ጀመረ። በቁርኣን ቃለ መሐላ እፈጽማለሁ ማለቱ ሲሰማ አንድ የታወቀ የሬዲዮ ተንታኝ «ይህ የአሜሪካን ባህል ያፈርሳል» ብሎ ጻፈ። የቨርጂኒያው የምክር ቤት አባል ቨርጂል ጉድ ደግሞ ለመራጮቹ በላከው ደብዳቤ፣ የስደተኞች ሕግ ካልጠበቀ ወደፊት ብዙ ሙስሊሞች ይመረጣሉ ሲል አስጠነቀቀ። ኤሊሰን ግን ስደተኛ አልነበረም። የዘር ሐረጉ በአሜሪካ ምድር እስከ 1742 እንደሚቆጠር በእርጋታ መለሰ። አገሪቱ ራሷ ነጻነቷን ያወጀችው በ1776 መሆኑን ልብ በሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። የኮንግረስ አባላት ሕጋዊውን ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት በአዳራሹ ውስጥ ሁሉም በአንድነት ቆመው፣ እጃቸውን አንስተው ነው። ምንም መጽሐፍ አያስፈልግም። መጽሐፍ የሚያዘው ከዚያ በኋላ፣ ለፎቶ በሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ ብቻ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ደግሞ ለማንኛውም የመንግሥት ኃላፊነት የሃይማኖት መስፈርት እንዳይጠየቅ በግልጽ ይከለክላል። ያ ሁሉ ጩኸት ስለ አንድ ፎቶ ነበር ማለት ነው።

ኤሊሰን ለጩኸቱ የሰጠው ምላሽ ብልህነት ነበረበት። ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቶማስ ጄፈርሰንን ቁርኣን አስመጣ። ጄፈርሰን፣ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ይህን በጆርጅ ሴል የተተረጎመ ባለ ሁለት ጥራዝ የእንግሊዝኛ ትርጉም የገዛው በ1765 የሕግ ተማሪ ሳለ ነው። በ1815 መጻሕፍቱን ለኮንግረስ ሲሸጥ ቁርኣኑም አብሮ ሄደ። በ1851 የቤተ መጻሕፍቱን ብዙ ክፍል ካጠፋው ቃጠሎም ተርፏል። ጄፈርሰን የተወለደበት አካባቢ ደግሞ ያ ደብዳቤ የጻፈው የጉድ የምርጫ ክልል ውስጥ ነበር! ጄፈርሰን ኢስላምን የወደደ ሰው ነበር ለማለት አይደለም፤ ባሪያዎችን የሚያስተዳድር፣ ስለ ዲናችንም የዘመኑን ጥላቻ የተጋራ ሰው ነበር። ነገር ግን የሃይማኖት ነጻነት ሙስሊሙንም ይጨምራል ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ኤሊሰን የያዘው ይህን ማስረጃ ነበር።

በዚያው ዕለት ኤሊሰን በአዳራሹ ውስጥ ጉድን ፈልጎ ሄዶ ጨበጠው፣ ቡናም እንዲጠጡ ጋበዘው። ለሰደበው ሰው እጁን ዘረጋ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። አዲስ ተመራጭ ከ435 አባላት አንዱ ብቻ ነው። ብቻውን ሕግ አያወጣም። ኃይሉ ያለው በሚመደብበት ኮሚቴና በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ነው። ኤሊሰን የፋይናንስ አገልግሎቶች ኮሚቴና የፍትሕ ኮሚቴ ውስጥ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት የዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ከ5.15 ወደ 7.25 ዶላር ደረጃ በደረጃ የሚያሳድገውን ሕግ ደገፈ፣ ወደ ኢራቅ ተጨማሪ ጦር መላክንም ተቃወመ።

በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የሚኒያፖሊስ አውራ ጎዳና ድልድይ ተደረመሰ። 13 ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ድልድዩ ያለው በእሱ የምርጫ ክልል ነው። ኮንግረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ አዲሱ ድልድይም በሴፕቴምበር 2008 ተከፈተ። ድልድይ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። ተመራጭም በዲኑ ሙስሊም ቢሆን፣ ድልድዩ የሁሉም ነው።

ሁለተኛው ሥራው ከወለድ ጋር የተያያዘ ነው። የክሬዲት ካርድ ኩባንያዎች አንድ ሰው ሌላ ቦታ የመብራት ወይም የስልክ ክፍያ ቢያዘገይ፣ የእነሱን በሰዓቱ እየከፈለም እያለ ወለዱን ይጨምሩበት ነበር። ኤሊሰን ይህን የሚከለክል ረቂቅ በ2007 አቀረበ። ሐሳቡ በ2009 በወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ውስጥ ተካተተ። ሕጉ ወለድን አላስቀረም። በደሃው ላይ ይደርስ የነበረውን አንድ ግፍ ግን ቀንሷል።

ሦስተኛው፣ በ2008 የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ ባንኮች የባለ ዕዳ አከራዮችን ቤት ሲወርሱ፣ ኪራያቸውን በሰዓቱ የከፈሉ ተከራዮች በድንገት ጎዳና ላይ ይወድቁ ነበር። ኤሊሰን የገፋው ሕግ በሜይ 2009 ጸደቀ፤ ተከራይ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው አዘዘ። ሕጉ በ2014 መጨረሻ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ በ2018 ግን ቋሚ ሆነ። በኪራይ ቤት ያደገ ሁሉ የ90 ቀንን ዋጋ ያውቃል።

አራተኛው እኛን የሚነካ ነው። በዲሴምበር 2011 መጨረሻ በሚኒሶታ የሶማሌ ሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ ይዞ የነበረ ባንክ፣ ከሽብር ገንዘብ ዝውውር ሕጎች ጋር እንዳይጣላ በመፍራት ሒሳቦቹን ዘጋ። ሶማሊያ ያኔ በረሃብ ላይ ነበረች። ልጅ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ መንገዱ ተዘጋ። ኤሊሰን ጉዳዩን ይዞ ዓመታት ለፋ። የሐዋላ ድርጅቶችን ቁጥጥር የሚያቀል ረቂቁ በኦገስት 2014 ሕግ ሆነ። ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ አንድ በር ግን ተከፈተ።

በማርች 2011 «የአሜሪካ ሙስሊሞች ጽንፈኝነት» በሚል ርዕስ የኮንግረስ ችሎት ሲጠራም ዝም አላለም። ምስክር ሆኖ ቀርቦ በሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰዎችን ለማዳን ሮጦ ስለሞተ የ23 ዓመት ሙስሊም ወጣት ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ፣ አለቀሰ። ወጣቱ ከሞተ በኋላ በእምነቱ ምክንያት ተጠርጥሮ ነበር።

በሁሉም አቋሙ እንስማማለን ማለት አይደለም። ከዲናችን ጋር የማይሄዱ አቋሞች አሉት፤ በወጣትነቱ ከጻፋቸው ነገሮችም አንዳንዶቹን ራሱ ስህተት ነበሩ ብሏል። ሰው ነው፣ ነቢይ አይደለም። እኛ የምንወስደው ትምህርቱን ነው።

በጃንዋሪ 2019 ወንበሩን የተረከበችው በሞቃዲሾ የተወለደችው፣ በስደተኞች ካምፕ ያደገችው ኢልሃን ዑመር ናት። በሒጃቧ እንድትገባ ምክር ቤቱ ከ1837 ጀምሮ የነበረውን የራስ መሸፈኛ ክልከላ አሻሻለ። መንገዱን የጠረገው ከእሷ በፊት የነበረው የ12 ዓመት ሥራ ጭምር ነው።

ወንድሞችና እህቶች! «የኛ ሰው ገባ» ብለን ስንደሰት ደስታው ሐላል ነው። ግን እዚያ ላይ አንቁም። የየትኛው ኮሚቴ አባል ነህ? ምን አቀረብክ? የማንን እንባ አበስክ? ድልድዩ ሲደረመስ የት ነበርክ? ብለን እንጠይቅ። እኛም ነገ በቀበሌ፣ በትምህርት ቤት ክበብ ወይም በመስጂድ ኮሚቴ ስንመረጥ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናል። ዲናችን ኃላፊነት አማና መሆኑን፣ የቂያማ ቀንም የሚጠየቁበት መሆኑን ያስተምረናል።

አላህ አማናን ተሸክመው የሚወጡት ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።