በአክሱም ችሎት የቀረበው የስድብ ክስና የሥዕል ነገር



የነቢያትን መልክ መሣልና በሃይማኖት ማላገጥ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ ያወጣቸውን ካርቱኖች ነው። ነገሩ ግን ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች በአክሱም ንጉሥ ጥላ ሥር ገቡ። ቁረይሾችም ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስን ከአንድ ባልንጀራው ጋር እጅ መንሻ አስይዘው ላኩ። በመጀመሪያው ቀን ጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ ስለ ማርያም ከሚናገረው ሱራ ቢያነብ ንጉሡ አለቀሱ፤ የመልእክተኞቹም ልመና ውድቅ ሆነ። ዐምር ግን በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ተመልሶ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ክፉ ቃል ይናገራሉ ሲል ከሰሰ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ክሱ የሃይማኖት ስድብ ነው፤ ተከሳሾቹ ሙስሊሞች፣ ዳኛው ክርስቲያን ናቸው። ከሳሹስ? ከሳሹ ጣዖት አምላኪ ነበር፤ ስለ ኢየሱስ ክብር የሚገደው አልነበረም። የንጉሡንና የካህናቱን ስሱ ቦታ ዐውቆ ለራሱ ጉዳይ ተጠቀመበት። ኋላም በታሪካችን ከነደዱ የሃይማኖት ጠቦች ስንቱን የለኮሰው እንዲህ ያለ ሦስተኛ ወገን ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ንጉሡ ተከሳሾቹን አስጠርተው ጠየቁ። ጃዕፈርም ልዩነቱን አልሸሸገም፤ ኢየሱስ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል ማርያም የጣለው ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ነው ሲል መለሰ። ንጉሡ ከመሬት እንጨት አንሥተው ልዩነቱ ከዚህች እንደማይበልጥ ተናገሩ፤ መኳንንቱ አጉረመረሙ፤ እጅ መንሻውም ተመለሰ። ታሪኩ የደረሰን ኢብን ኢስሐቅ ከጻፈውና ኢብን ሂሻም ካቀናበረው የነቢዩ ሙሐመድ ገድል ስለሆነ የስደተኞቹ ወገን ትዝታ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ማላገጥም አልጠፋም። ከስደተኞቹ አንዱ ኡበይዱላህ ቢን ጀሕሽ በአክሱም ክርስቲያን ሆነ፤ የቀድሞ ወንድሞቹንም ዐይናቸው ገና እንዳልተገለጠ ቡችሎች አድርጎ ይዘብትባቸው ነበር ይባላል። ስለዚህ ዘለፋ ማንም አልተቀጣም። ባሏ የሞተባት ሚስቱ ኡሙ ሐቢባ ኋላ ነቢዩን አገባች።

የሥዕሉን ነገር የምናገኘውም ከእርሷው ነው። ኡሙ ሐቢባና ኡሙ ሰለማ በሐበሻ ያዩትን፣ ሥዕል የሞላበትን ቤተ ክርስቲያን ለነቢዩ ነገሯቸው፤ ነቢዩም ደግ ሰው ሲሞት በመቃብሩ ላይ የጸሎት ቤት ሠርተው እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሥሉትን ነቀፉ። ሐዲሱ በቡኻሪ ስብስብ ይገኛል። ለሥነ ጥበብ ታሪክ ሰው ሁለት ጥቅም አለው፤ ከአባ ገሪማ ወንጌሎች ጎን ለጎን የአክሱም ዘመን ሠዓሊዎች ምስክር ነው፤ በእስልምና የሥዕል ክልከላ ክርክርም ውስጥ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስፍራ እንዳላት ያሳያል። ክልከላው ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1314 በታብሪዝ የተዘጋጀው የረሺዱዲን የዓለም ታሪክ ነቢዩን በሥዕል ያሳያል፤ ስደተኞቹን አሳልፎ የማይሰጠውን ነጃሺም እንዲሁ።

ወደ እኛ ግድግዳ እንመለስ። በጎጃምም ሆነ በጎንደር ክፉ ሰው በአንድ ዐይን በጎን፣ ደግ ሰው በሁለት ዐይን ፊት ለፊት እንደሚሣል ታውቃላችሁ። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰይጣን የሚጎትተው ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ሥዕል አለ፤ አስጎብኚዎች ነቢዩ ሙሐመድ ነው ይላሉ። የዚያን ሥዕል መንፈስ ያለ ግራኝ አሕመድ ጦርነት ትዝታ መረዳት ያስቸግራል። ሆኖም በዚያው ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1540፣ የመን የተወለዱት እጨጌ ዕንባቆም አንቀጸ አሚንን ለግራኝ ሲጽፉ የተከራከሩት ከቁርኣን እየጠቀሱ ነው። ተሳድበው ሳይሆን አንብበው።

ሥዕሉ ይፋቅ የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቅርስ ነው፤ የቁጣም ቢሆን ሰነድ ነው። አስጎብኚ እየሳቀ ሲያሳየው ግን ሰነዱ እንደገና ስድብ ይሆናል። በክፍሌ ሙስሊም ተማሪዎች ስላሉ ምን እንደምናይ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ መውጣት የሚፈልግ ይወጣል፤ ዕንባቆምንም ከሥዕሉ በፊት እናነባለን።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።