መጋረጃ ግድግዳ

በግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች «ከርተን ዎል» የሚሉት፣ በአማርኛ መጋረጃ ግድግዳ ልንለው የምንችለው፣ ከሕንፃው ወለሎች ጠርዝ ውጭ የሚሰቀል ቀላል ልባስ ነው። የራሱን ክብደት ብቻ ይሸከማል፤ የሚገፋውን ነፋስም ወደ ወለሎቹ ያስተላልፋል። ከዚያ ያለፈ ሸክም የለበትም።

ቺካጎ የሚገኘው ሞናድኖክ ሕንፃ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ያለቀው ሰሜናዊ ክፍሉ 16 ፎቅ ብቻ ቢሆንም፣ የውጭውን ሸክም የተሸከመው ጡብ በመሆኑ ግድግዳው ከግርጌው 1.8 ሜትር ያህል ይወፍራል። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ባንኮች በተሰባሰቡበት በታችኛው ማንሃተን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የቼዝ ማንሃተን ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ግን 60 ፎቅ፣ 248 ሜትር ነው። ዛሬ 28 ሊበርቲ ይባላል። ጎርደን በንሻፍት በመሩት ንድፍ በረጅሞቹ ጎኖች ያሉት ምሰሶዎች ከመስታወቱ ውጭ ወጥተው ቆመዋል። የሚሸከመውና የሚሸፍነው ለየብቻ ስለሚታዩ፣ ለዚህ ቃል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሉሚኒየም ቋሚዎቹ በየፎቁ ከሶሌታው ጠርዝ ጋር በብሎን ይታሰራሉ፤ ግን መላወሻ ይተውላቸዋል። 6 ሜትር የሆነ አሉሚኒየም ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቦታ ካጣ ይጎብጣል፣ መስታወቱንም ሊሰብር ይችላል። በሶሌታውና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ክፍተት ደግሞ እሳትና ጭስ ወደ ላይኛው ፎቅ እንዳይወጣ እሳት በሚቋቋም ነገር መደፈን አለበት። ሥራው ሲያልቅ ከዓይን የሚሰወር ቢሆንም፣ የሰው ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ድፍን ነው፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሳይሸፈን በፊት በየፎቁ ሊያየው ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አዲስ ሕንጻ የመሰሉትን ብዙ ሰው «የመስታወት ሕንጻ» ይላቸዋል። ለዕለት ንግግር ይበቃል። ለሙያ ግን አይሆንም፤ መጋረጃ ግድግዳ ከስስ ድንጋይ ወይም ከአሉሚኒየም ገበታም ሊሠራ ይችላልና። «መጋረጃ» የሚለው ተሰቅሎ መከለሉን ስለሚናገር ይሻላል።

በሁለት ኮለን መካከል፣ ሶሌታ ላይ ተቀምጦ የተገነባ የብሎኬት ግድግዳም ፎቁን አይሸከምም። መጋረጃ ግድግዳ ግን አይባልም፤ የኋለኛው መለያ ከወለሎቹ ጠርዝ ውጭ መሰቀሉ ነው።