ግሊሰሪን፣ ቫዝሊንና የተሰነጠቀው እግር

ዩኒቨርሲቲ እያለን ከዶርማችን መስኮት ላይ ሁለት ነገር አይጠፋም ነበር፤ አንድ ብልቃጥ ግሊሰሪንና አንድ ክዳኑ የጠፋ ቫዝሊን። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ አመዳችን ቡን ሲል ግሊሰሪኑን በውሃ በጥብጠን እንቀባለን፤ ቫዝሊኑን ለከንፈርና ለተረከዝ እንቆጥባለን። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ አልነበረንም። ቅባት ቆዳን «ይመግባል»፣ ወዝ ይሰጣል፣ አለቀ። ጋዜጠኝነት ተምረናል የምንል ሰዎች በየቀኑ የምንቀባውን ነገር ታሪክ አለመጠየቃችን ትንሽ ያሳፍራል። ዛሬ ጠይቀን ያገኘነውን እናካፍላችሁ። ታሪኩ ከአሜሪካ የነዳጅ ጉድጓድ ተነስቶ ጎጃም ይደርሳል።

በቫዝሊን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮበርት ቼስብሮ የተባለ ወጣት ኬሚስት አዲስ የተገኘውን ነዳጅ ለማየት ወደ ፔንሲልቫንያዋ ታይተስቪል ሄደ። እዚያ ሠራተኞቹ የቁፋሮ ዘንጎቹ ላይ እየተጣበቀ ሥራ የሚያስፈታቸውን ጥቁር ዝቃጭ ይረግሙታል፤ ግን ሲቆረጡና ሲቃጠሉ መልሰው ቁስላቸው ላይ ይቀቡታል። ቼስብሮ ዝቃጩን ወስዶ ለዓመታት ሲያጣራ ቆየና በ1872 የፈጠራ መብት አወጣበት። እኛ ቤት የሚገኘው ቫዝሊን ይኸው ነው።

ግሊሰሪን ደግሞ በዕድሜ ይበልጠዋል። ስዊድናዊው ካርል ሼሌ በ1779 የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር ሲያፈላ ጣፋጭ ፈሳሽ አገኘ። ስሙን በ1811 ያወጣለት ፈረንሳዊው ሼቭረል ሲሆን ቃሉን የወሰደው «ጣፋጭ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ግሊሰሪን ከስብ ሳሙና ሲሠራ አብሮ የሚወጣ ነገር ስለሆነ እንደ ውድ ዕቃ የሚታይ አልነበረም።

እንግዲህ ሁለቱም ተገኙ፣ ሰውም ተቀባቸው። ለምን እንደሚሠሩ ለመረዳት ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ለረጅም ጊዜ ቆዳ የሚደርቀው ዘይት ስለሚያጣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ኧርቪን ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ቀላል ሙከራ አደረገ። የደረቀ የእግር ቆዳ ቁራጭ ወስዶ ዘይት ውስጥ ነከረው፤ እንደ ደረቀ ቀረ። ውሃ ሲያገኝ ግን ለሰለሰ። ቆዳን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው ማለት ነው። የቅባት ሥራ ያ ውሃ እንዳያመልጥ መጠበቅ ነው።

ውሃው የሚያመልጠው በምን በኩል ነው? የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ የሚሊሜትር ሃምሳኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ስስ ሽፋን ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሐኪም ፒተር ኢላያስ በ1983 ባወጣው ጽሑፍ በጡብ ግድግዳ መሰለው። ጡቦቹ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶ ደግሞ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የተባሉ ሦስት የስብ ዓይነቶች። ሲሚንቶው ሲሳሳ ከውስጥ ውሃ ይተናል፣ ከውጭ ጀርምና አቧራ ይገባል። በ1993 ኢላያስና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ መቀባት የግድግዳውን ጥገና ያዘገያል፤ ሦስቱን አንድ ላይ መቀባት ግን አያዘገይም። ዛሬ «ሴራማይድ ያለው» እየተባለ የሚሸጠው ክሬም ሁሉ መነሻው ይህ የግድግዳ ሐሳብ ነው።

በዚህ ሥዕል ውስጥ የዶርማችን ሁለት ዕቃዎች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፣ ይይዛል። ቫዝሊን ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን ውሃው እንዳይተን ያግዳል። ግሊሰሪኑን በውሃ መበጥበጣችን፣ ቫዝሊኑን ከታጠብን በኋላ መቀባታችን ሳናውቀው ትክክል ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ሰዎች እግራቸው እያበጠ ይሄዳል። ዝሆኔ እንለዋለን። ብዙዎች እርግማን ነው ይላሉ፤ ታማሚው ከማኅበርና ከሠርግ ይገለላል፣ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በሽታውን ከአፈሩ ጋር አገናኘው፤ በቆዳ በኩል የሚገቡ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች ናቸው ነገሩን የሚጀምሩት። በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በ2017 በወጣ ግምት በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞታል። አንዴ ያበጠ እግር ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ይገባና ታማሚው ትኩሳትና ሕመም ይዞት ለቀናት ይተኛል። ግድግዳው ፈረሰ ማለት ይኼ ነው።

ሕክምናው ከባድ መሣሪያ አይፈልግም፦ በሳሙና መታጠብ፣ መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህ እንክብካቤ የሕመሙን መነሳት አንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ 193 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ወጥቶ ነበር። በመዘፍዘፊያው ውሃ ውስጥ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመር ከቆዳው የሚተነው ውሃ ቀነሰ፣ ቆዳውም ይበልጥ ረጠበ። እኛን ያስቆመን ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ውሃው ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ወርዷል። ለአንድ ሊትር ሁለት በመቶ ማለት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ ግሊሰሪን ነው። በጀርባዋ ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ የምትመላለስ ሴት በየቀኑ የሚተርፋት አምስት ሊትር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ዛሬ የየሱቁ መደርደሪያ ቆዳ «የሚያቀሉ» እና ዕድሜ «የሚመልሱ» ክሬሞች ሞልተውታል፤ ዋጋቸው የደሞዛችንን ግማሽ ይጠይቃል። አንቀባ አንልም፣ እኛም እንቀባለን። ግን ይህን ታሪክ ካነበብን ወዲህ ቅባትን የቁንጅና ጉዳይ ብቻ አድርገን ማየት አልቻልንም። ያ የዶርማችን ብልቃጥ አንድን ገበሬ ከአልጋ አስነስቶ ወደ እርሻው ሊመልስ የሚችል ነገር ነበር። እሱ ያጣው ብልቃጡን፣ ጫማውንና «እርግማን አይደለም» ብሎ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። ብልቃጡና ጫማው ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሦስተኛውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ እንችላለን።