ስለ ቅራሪ፥ ስለ ጠላ ሁለተኛው ውኃ

በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ ደብሩ ሕንፃና ስለ አገልጋዮቹ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ ግን በየክብረ በዓሉ ከደጀ ሰላም ታጥቶ ስለማያውቀው ስለ ጠላ፥ ይልቁንም ብዙ ሰው ከቁም ነገር ስለማይቈጥረው ስለ ቅራሪ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድሁ። መቼም የቍርባኑ ወይን ከዘቢብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ጠላ የሰንበቴና የማኅበር ነው።

የእህል መጠጥ በአገራችን ጥንታዊ መሆኑን የሚመሰክር ድንጋይ በአክሱም አለ። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና የዐመፁትን የቤጃ ሰዎች ወንድሞቹን ልኮ ድል ካደረገ በኋላ፥ ስድስት አለቆችን ከነሕዝባቸው፥ በቍጥር 4400 የሚሆኑትን፥ ወደ ሌላ አገር አፈለሳቸው። መንገዱም አራት ወር ነበር። በዚህም ጊዜ ከብትና ኅብስት እየሰጠ፥ የእህል መጠጥና ወይን ጠጅ ውኃም እስኪጠግቡ እንዳጠጣቸው የግሪኩ ጽሕፈት ይናገራል። ግዕዝ ስዋ የሚለውን መጠጥ ትግርኛ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራዋል፤ አማርኛ ጠላ ይለዋል።

ነገር ግን ያን ሁሉ መጠጥ የጠመቁት እነማን እንደ ሆኑ ድንጋዩ አይናገርም። እኛም የማኅበር መዝገብ ስንገልጥ የተረኛውን አባወራ ስም እናገኛለን እንጂ የጠማቂይቱን አናገኝም። ስለዚህ ስሟ ቢቀር ሥራዋን ልጻፍ።

አስቀድማ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ጢስ ታጥነዋለች። ጌሾውን ወቅጣ በውኃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ይህም ጥንስስ ይባላል። ከጥቂት ቀን በኋላ የተፈጨ ብቅልና የተቈራረሰ ቂጣ ትጨምርበታለች። ከዚያም የተቈላ ገብስ አስፈጭታ፥ ዱቄቱን በውኃ አርሳ፥ በምጣድ አመሳቅላ እንኵሮ ታደርገዋለች፤ እንኵሮውንም ከጥንስሱ ጋር ትደፈድፈዋለች። ብቅሉ የእህሉን ዱቄት ወደ ጣፋጭነት ይለውጠዋል፤ እርሾውም ያን ጣፋጭ ወደ አልኮል፤ ጌሾው ደግሞ ምሬቱን ይሰጣል። ድፍድፉ በውኃ ሲቀጥን ጠላ ነው፤ ተራው ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 4 እጅ ያህል አልኮል አለው። ጠላው ተቀድቶ ሲያልቅ በጋኑ በቀረው ላይ ሁለተኛ ውኃ ይጨመራል፤ እርሱ ጥቂት ሰንብቶ ሲጠጣ ቅራሪ ይባላል፤ ስስ ነው፥ ሰውን ከሥራው አያሰንፍም።

ይህ ብልኀት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞችም ከአንድ ብቅል ሁለትና ሦስት ጊዜ ውኃ እያወጡ፥ የኋለኛውን ቀጭን ቢራ ለቤተ ሰብና ለሠራተኛ ያደርጉት ነበር። የአሜሪካው ጆርጅ ዋሽንግተን ገና መኰንን ሳለ፥ በ1757 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር፥ ከፉርሽካ፥ ከሆፕስና ከሞላሰስ የሚጠመቅ ቀጭን ቢራ አሠራር በማስታወሻ ደብተሩ ጽፏል። ልዩነቱ እርሱ ፉርሽካውንና ሆፕሱን ሦስት ሰዓት ያፈላዋል። የእኛ ቅራሪ ግን ውኃው ጥሬውን ነው የሚጨመርበት፤ ስለዚህ ቅራሪ መጥፎ ውኃን ያነጻል የሚሉትን አልቀበልም። ውኃውን አፍልቶ አቀዝቅዞ መጨመር ይሻላል፤ ትኵሱን ቢጨምሩት ግን እርሾውን ይገድለዋል።

በልጅነቴ በሰፈራችን የነበሩ አንዲት እማሆይ ለበዓል ሦስት ጋን ይጠምቁ ነበር። ጠላው ለካህናትና ለእንግዳ በአንድ ቀን ያልቃል። ቅራሪው ግን ሳምንቱን ሙሉ ለቈሎ ተማሪ፥ ለእንጨት ለቃሚ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ለሚጠግኑት ሠራተኞች በሽክና ይቀዳ ነበር። እኛ ልጆች ስለ በዓሉ ስናወራ የምናስበው ያን አንዱን ቀን ነው፤ ሠራተኞቹ ግን በዓሉን በሰባት ቀን ይቈጥሩት ነበር።

ዛሬ በከተማ በብዙ ቤት ጋን የለም፤ ለማኅበሩም ጠላው ተገዝቶ ይመጣል። ይህ ነውር አይደለም፥ የእናቶችን ድካም ያቀልላልና። ነገር ግን ተገዝቶ ከሚመጣ ጠላ ቅራሪ አይወጣም፤ ድፍድፉ ከሻጩ ዘንድ ይቀራል። በበዓሉ ማግስት ወደ ደጃፋችን የሚመጣ ሰው እንግዲህ የሚቀዳለት ነገር የለም።

እማሆይ አንዳንድ ጊዜ ሦስተኛ ውኃ ይሞክሩ ነበር። በሽክና ቀድተው ይቀምሱታል፤ የጌሾው ምሬት ከጠፋ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲህስ የላሚቱ ነው» ይላሉ። አተላውንም እኛ ልጆች በማድጋ ተሸክመን ወደ በረት እንወስድ ነበር።