የኖርማንዲን ዘመቻ የመሩት ሰባቱ አዛዦች በፊልም ክምችት ውስጥ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፍተኛ የጦር አዛዦች በስብሰባ ላይ እንዳሉ ከተቀረጹት ምስሎች መካከል እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1944 በለንደን የተነሳው በሰፊው የሚታወቅ ነው። በዚሁ ምስል ላይ አሜሪካዊው ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር ከምክትላቸው ከእንግሊዛዊው ኤር ቺፍ ማርሻል አርተር ቴደር፣ ከጄኔራል በርናርድ ሞንትጎመሪ፣ ከአድሚራል በርትራም ራምሴይ፣ ከኤር ቺፍ ማርሻል ትራፎርድ ሊ-ማሎሪ፣ ከሌተና ጄኔራል ኦማር ብራድሊ እና ከኤታማዦር ሹሙ ሌተና ጄኔራል ዋልተር ቤደል ስሚዝ ጋር ይታያሉ።

አዛዦቹ የተቀረጹት ለጋዜጠኞችና ለዜና ፊልም አዘጋጆች ሲባል በመሆኑ፣ ምስሉ ውይይታቸውን ሳይሆን አንድነታቸውን የሚያሳይ ነው። በወቅቱ የነበረው ወታደራዊ ሳንሱር የዘመቻውን ቦታም ሆነ ቀን የሚጠቁም ነገር እንዲወጣ አይፈቅድም ነበር። ይሁንና በዚያው ሰሞን በአዛዦቹ ፊት የነበረው ጉዳይ እጅግ ከባድ ነበር። በ1943 በሌተና ጄኔራል ፍሬደሪክ ሞርጋን የተዘጋጀው ዕቅድ በመጀመሪያው ማዕበል ሦስት ክፍለ ጦሮች ከባሕር እንዲያርፉ የሚል ሲሆን፣ ሞንትጎመሪ ይህ ኃይል አነስተኛ ነው በማለት ቁጥሩ ወደ አምስት ከፍ እንዲል አስደርገዋል። ለዚህ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ወታደር አራጋፊ ጀልባዎችን ለማሟላት ለሜይ ታስቦ የነበረው ዘመቻ አንድ ወር ያህል ተራዝሞ ጁን 6 ቀን 1944 (ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም) ተከናውኗል። ፊልሙን ብቻ የተመለከተ ሰው ከዚህ አንዱንም ሊያውቅ አይችልም። ምስሉ ከቃለ ጉባዔውና ከዕቅድ ሰነዱ ጋር ተያይዞ መነበብ ያለበትም ለዚሁ ነው።

ከሰባቱ መካከል ሁለቱ የጦርነቱን ፍጻሜ አላዩም። ሊ-ማሎሪ በኖቬምበር 1944፣ ራምሴይ ደግሞ በጃንዋሪ 1945 በፈረንሳይ ምድር በደረሱ የአውሮፕላን አደጋዎች ሞተዋል። ስለሆነም ሰባቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያሳየው ምስል ሊደገም የማይችል ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል።

የዘመኑን ፊልሞች ማቆየት ግን ቀላል ሥራ አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሲኒማ ሥራ ላይ ይውል የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ከተቀጣጠለም በውኃ የማይጠፋ ሲሆን፣ ባይቃጠል እንኳ በጊዜ ብዛት ራሱን በራሱ ይበላል። በዲሴምበር 1978 በሜሪላንድ ግዛት ሱትላንድ በሚገኝ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መጋዘን በተነሳ ቃጠሎ ከዩኒቨርሳል የዜና ፊልም ክምችት ውስጥ 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ጫማ ያህል ርዝመት ያለው ፊልም ወድሟል።

ሌላው፣ ምናልባትም ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ችግር የመግለጫ ጽሑፍ ነው። የተሰብሳቢዎቹ ስም፣ ማዕረግ፣ የመቀመጫ ቅደም ተከተል፣ ቀንና ቦታ ከፊልሙ ጋር ካልተመዘገበ፣ ፊቶቹን የሚለዩ የዘመኑ ሰዎች ሲያልፉ ጥቅሉ በመደርደሪያ ላይ ቢገኝም ለተመራማሪ የሚሰጠው አገልግሎት እጅግ ውስን ይሆናል።