ሌላኛው ፑሽኪን

ሳር ቤት አካባቢ ታክሲ የሚጠቀም ሰው «ፑሽኪን ወራጅ አለ!» የሚለውን ሳይሰማ አይውልም። እኔም ለሥራ ስመላለስ ዓመታት ሰምቼዋለሁ። አደባባዩ የተሰየመው ለሩሲያዊው ገጣሚ ለአሌክሳንደር ፑሽኪን ነው። ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የሄደ ሰው ስለነበር እኛም እንደ ዘመድ እናየዋለን። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ አሌክሳንደር ፑሽኪን ነው። ይሄኛው የባሌት አስተማሪ ነበር።

እንዴት ከባሌት ጋር እንደተገናኘሁ ልናገር። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አምና ጀማሪዎችን የማሰልጠን ኃላፊነት ተጨመረልኝ። ሁለት ልጆች ከአንድ ዓመት በላይ አጠገቤ አስቀምጬ ኮዳቸውን መስመር በመስመር አየሁላቸው። «ይሄ መስመር ባይኖር ምን ይበላሻል?» የምትል ጥያቄ አለችኝ፤ በእሷ ነው ያሰለቸኋቸው። ገና ለሥራው ሲደርሱ አንደኛው ወደ ጀርመን ሄደ። ሌላዋ ደግሞ ቤቷ ሆና ለውጭ ድርጅት መሥራት ጀመረች፤ መልቀቋን የነገረችኝ በቴሌግራም ነው። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። «ሁለተኛ ማንንም አላሰለጥንም» ብዬ ፎከርኩ። በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት ስለ ዝነኛው ዳንሰኛ ስለ ሩዶልፍ ኑሬየቭ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ከፈትኩ። ሐሳቤ ግን ከኑሬየቭ ይልቅ አስተማሪው ላይ ቀረ።

ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1738 ንግሥት አና በሴንት ፒተርስበርግ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተች። አስተማሪው ፈረንሳዊ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 12 ወንዶችና 12 ሴቶች። ትምህርት ቤቱ በኋላ የተዛወረበት የሮሲ ጎዳና ኢንጂነር የሆነን ሰው ያስደስታል፦ የመንገዱ ስፋት 22 ሜትር፣ የሕንፃዎቹ ከፍታ 22 ሜትር፣ ርዝመቱ 220 ሜትር። በሶቭየት ዘመን ከተማዋ ሌኒንግራድ ተባለች፤ ትምህርት ቤቱ ግን እዚያው ቀጠለ።

እዚያ የሚገቡት ልጆች ዐሥር ዓመት ገደማ የሞላቸው ናቸው። ለምን እንዲህ በልጅነት? የባሌት መሠረቱ እግርን ከዳሌ ጀምሮ ወደ ውጭ ማዞር ነው። ጉልበትም የእግር ጣትም ወደ ጎን ማየት አለባቸው። የልጅ መገጣጠሚያ ለዚህ ይታዘዛል፤ የጎልማሳ አጥንት ግን ቦታውን ይዟል። ስለዚህ ስምንት ዓመት ገደማ በየቀኑ ያንኑ ነገር ይደጋግማሉ፤ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ የተገጠመውን እንጨት ይዘው ጉልበት ማጠፍና እግር መዘርጋት፣ ቀጥሎ መሀል ላይ ያለ ድጋፍ፣ መጨረሻ ላይ ዝላይ። አርባ ዓመት ሲጠጋ ደግሞ ሰውነት «በቃኝ» ማለት ይጀምራል። ባጭሩ ረጅም ስልጠና፣ አጭር ሥራ።

ኑሬየቭ እዚያ የደረሰው በ1955 ነው፤ በ17 ዓመቱ! በ1938 ኢርኩትስክ አጠገብ በሚጓዝ ባቡር ውስጥ ተወልዶ ኡፋ በምትባል ከተማ በድህነት አደገ። ወታደር አባቱ ዳንሱን አጥብቆ ይቃወም ነበር። እዚያው ከቀድሞ ዳንሰኞች ትንሽ ቢማርም፣ በሌኒንግራድ ሚዛን እንደ ዘገየ ሰው ነው የሚታየው። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ክፍል ተመደበ፤ አልተስማሙም። «ወደ ፑሽኪን ክፍል ቀይሩኝ» አለ።

አሌክሳንደር ኢቫኖቪች ፑሽኪን ራሱም የኪሮቭ ቲያትር ዳንሰኛ ሲሆን ከ1932 ጀምሮ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ እንደሚያስታውሱት ብዙ አይናገርም፤ አይጮህም። ችሎታው ያለው እንቅስቃሴዎችን በሚያያይዝበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ እርምጃ ቀጣዩን ስለሚወልድ፣ የተሳሳተ ልጅ ቀጣዩ አልመጣ ሲለው ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። ይህን ስሰማ ደንግጬ ፊልሙን አቆምኩት። እኔ ስህተት ባየሁ ቁጥር እጄን ሰድጄ የማስተካክል ሰው ነኝ።

ኑሬየቭ በሦስት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ጨርሶ በ1958 ኪሮቭ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ክፉኛ ሲጎዳ ፑሽኪንና ባለቤቱ ክሴኒያ ቤታቸው ወስደው አስታመሙት፤ አብሯቸውም ኖረ።

ከዚያ 1961 መጣ። ኪሮቭ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ኑሬየቭ ከተማውን አስጨበጨበ። ሰኔ 16 ቀን ቡድኑ በለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ለንደን ሊነሳ ሲል «አንተ ወደ ሞስኮ ትመለሳለህ» ተባለ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ወደ ፈረንሳይ ፖሊሶች ሄዶ ጥገኝነት ጠየቀ። ያኔ 23 ዓመቱ ነበር። አገሩ በሌለበት በአገር ክህደት ሰባት ዓመት ፈረደችበት።

ኑሬየቭ በግለ ታሪኩ እንደጻፈው፣ ከፑሽኪን ደብዳቤ ደረሰው። ፓሪስ ታበላሽሃለች፣ ቴክኒክህንም ታጣለህ የሚል። ፑሽኪን ይህን ከልቡ ይጻፈው ወይም ተገዶ፣ ደብዳቤው የደረሰው ሰው አልተመለሰም። በየካቲት 1962 ለንደን ላይ ከማርጎት ፎንቴን ጋር «ጂዜል»ን ደነሰ። እሷ 42 ዓመቷ ነበር፤ ብዙዎች ልታቆም ነው ይሉ ነበር። ከእሱ ጋር ግን ገና ብዙ ዓመት ደነሰች። ቴክኒኩ አልጠፋም።

ፑሽኪንስ? ትምህርቱን ቀጠለ። እኔን ያሸነፈኝ ይሄ ነው። በ1964 ከሪጋ የመጣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ተቀበለ። ልጁ አጭር ነው፤ ስሙ ሚካይል ባሪሽኒኮቭ። እሱም ከፑሽኪን ቤት የማይጠፋ ሆነ። በ1967 ኪሮቭ ገባ። ፑሽኪን በ1970 በ62 ዓመቱ ሞተ። ኑሬየቭን ዳግመኛ አላየውም። ከአራት ዓመት በኋላ ባሪሽኒኮቭም ቶሮንቶ ላይ ከቡድኑ ተለይቶ ቀረ። ከአንድ ክፍል ሁለት ዝነኞች፣ ሁለቱም ሄዱ።

ኑሬየቭ በ1987 በሞት አፋፍ ላይ ያለች እናቱን እንዲያይ ለ48 ሰዓት ብቻ ተፈቀደለት። በ1989 ኪሮቭ መድረክ ላይ በድጋሚ ቆመ፤ አስተማሪው ግን ከሞተ 19 ዓመት ሆኖታል። የመጨረሻ ሥራው በጥቅምት 1992 በፓሪስ ኦፔራ ያዘጋጀው «ላ ባያዴር» ነው፤ በ1961 ፓሪስን ያስደነቀበት ያው ባሌት። ነጭ የለበሱ ሴቶች አንድ በአንድ፣ ያንኑ አንድ እርምጃ እየደጋገሙ ቁልቁል የሚወርዱበት ትዕይንት አለው። ኑሬየቭ በጠና ታሞ ነበር፤ ለጭብጨባው መድረክ ላይ የቆመው ሰዎች ደግፈውት ነው። ከሦስት ወር በኋላ በ54 ዓመቱ አረፈ። እሱ ወደ ሌኒንግራድ በጊዜ አልደረሰም፤ የተማረው ነገር ግን ፓሪስ ደርሶ ሌሎች እግሮች ውስጥ ገባ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ንዴቴ ጠፋ ብላችሁ ውሸት ነው። የሚሄዱት ትተውት የሚሄዱት ሥራ አለ፤ እኔ ነኝ አምሽቼ የምሠራው። ግን ባለፈው ወር ያቺ ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «እኔም ጀማሪ ተሰጠኝ። ያቺን ጥያቄህን እየጠየቅኩ አሰቃየዋለሁ» አለች። የት አገር ያለ ልጅ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ሰኞ አዲስ ጀማሪ ይመጣልኛል። እጄን ኪቦርዱ ላይ ላለማሳረፍ እሞክራለሁ።