የክትባት ጉዳት ካሳ፡ ያለ ክስ የሚገኝ ገንዘብ፣ በፊርማ የሚዘጋ መብት

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በመጋቢት 2021 በኮቫክስ በኩል የመጣ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ የኮሮና ክትባት አዲስ አበባ ደረሰ። ኬንያ፣ ሱዳን እና ሶማሊያም በዚያው ወር የመጀመሪያ ድርሻቸውን ተረከቡ። አንድ ጥያቄም አብሮ ተነሳ፦ ክትባቱ ከባድ ጉዳት ቢያደርስ ካሳውን ማን ይከፍላል?

አምራቾች መንግሥታት ከካሳ ክስ እንዲጠብቋቸው ይጠይቁ ነበር። ብዙ ደሃ አገራት ግን ለተጎጂዎች የሚሆን የካሳ ሥርዓት አልነበራቸውም። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2021 ከኢንሹራንስ ኩባንያው ቸብ ጋር ተስማምቶ ለ92 አገራትና ግዛቶች የሚያገለግል የካሳ ፕሮግራም አቋቋመ። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ኬንያ እና ኡጋንዳ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ገንዘቡ በእያንዳንዱ ክትባት ላይ ታስቦ ከለጋሾች ድጋፍ ይቀመጥ የነበረ አነስተኛ መዋጮ ነው።

ምን ዓይነት ጉዳት?

የክንድ ሕመም ወይም የአንድ ቀን ትኩሳት ካሳ አያስገኝም። ፕሮግራሙ የሚመለከተው ሞትን ወይም ዘላቂ የአካል ጉዳትን ያስከተሉ ከባድ ጉዳቶችን ነው። ክትባቱም በኮቫክስ በኩል የተሰጠ መሆን አለበት። አመልካቹ የአምራቹን ወይም የጤና ባለሙያውን ጥፋት እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ነገር ግን ጉዳቱ ከክትባቱ ጋር የተያያዘ ስለመሆኑ የሕክምና ማስረጃ ያስፈልገዋል።

መፈረም ምን ያስከትላል?

ካሳው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን የጉዳዩ የመጨረሻ መቋጫ ነው። ተቀባዩ ገንዘቡን ሲቀበል በዚያው ጉዳት ሌላ ካሳ የመጠየቅ መብቱን ይተዋል። ሕመሙ በኋላ ቢጸናበት ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። ክፍያው በአንጻሩ ማንም ጥፋተኛ መሆኑን አያረጋግጥም።

የክስ መንገድም የራሱ ፈተና አለው። ተጎጂው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ መለየትና ጉዳቱ በክትባቱ ምክንያት መድረሱን ማስረዳት ይኖርበታል። ጊዜም አይጠብቀውም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ እንዲቀርብ የሚፈቅደው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

በሁለቱም መንገድ ግን ቀድሞ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ የክትባት ካርዱና የሆስፒታል መዝገቡ። ከጤና ተቋም ርቆ ለሚኖር የገጠር ቤተሰብ ትልቁ እንቅፋት ከሕጉ ይልቅ የእነዚህ ወረቀቶች አለመኖር ሊሆን ይችላል።